ከኋላ ያለው ክዳን

ተረት ልጀምር ነው፣ እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ንቦች ማር የሚሠሩበት አዲስ ቦታ እንዲመርጡላቸው ቃኚዎች ላኩ። ቃኚዎቹ ግራር ላይ የተሰቀለ ባዶ ቀፎ አግኝተው እየጨፈሩ ተመለሱ።

«ውሃው ቅርብ፣ አበባው ደጃፉ ላይ! ነፋስ አያገኘውም። ደግሞ ውስጡ በወይራ ታጥኖ ይጠብቀናል!»

አንዲት አሮጊት ቃኚ ብቻ አልጨፈረችም።

«እመቤቴ» አለቻት ንግሥቲቱን፣ «የፊቱ በር በእኛ ልክ ነው። ከኋላ ግን ትልቅ ክዳን አለ። ለማን ይሆን?»

«ክፍት ነው?»

«ዝግ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

«የሚከፈተው ከውጭ ነዋ!»

ንግሥቲቱ ሳቀችባት፤ መንጋው ተግተልትሎ ገባ።

ክረምቱ አለፈ፣ አደይ ፈነዳ፣ ቀፎው በማር እንጀራ ሞላ። አሮጊቷ አበባ ቀስማ በተመለሰች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ክዳኑን ነበር። ማንም አልነካውም። «አይ እኔ፣ ፈሪ!» ብላ ራሷን ታዘበች።

የመጨረሻው እንጀራ በታሸገ ማግስት ከግራሩ ሥር የኩበት ጭስ ሸተታት። ዞር ስትል ክዳኑ ንቅንቅ አለ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን አደራ፣ በማር እንዳታብሱት።