ጤፍ የነቀለው አራሚ

አንድ አራሚ ነበረ። ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ወላጅም መሬትም የለው። በነሐሴ፣ የደሃ ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ወር፣ ሰኞ ዕለት ከአንድ ባለጠጋ ገበሬ ደጅ ቆመ።

«ጤፌን ሙጃ ገብቶበታል» አለው ገበሬው። «ለይተህ ከነቀልህ እስከ አጨዳ እህሌን እየበላህ ትቀመጣለህ። ዓርብ መጥቼ አያለሁ። ጤፌን ከነቀልህብኝ መንገዱን ታውቀዋለህ።»

አራሚው ያደገው ቆላ ነው፤ የሚያውቀው ማሽላ ነው። የጤፍና የሙጃ ቡቃያ ደግሞ መንታ ናቸው። ሙጃው ጥቂት ሰፋ ይላል፣ ቅጠሉም ጸጉር አለው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። በማሳው ዘመናቸውን ያረሙ አንዲት ባልቴት አሳዩት። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ገባው።

ከዚያ ፍርሃት ያዘው። ሌሎቹ አራሚዎች ለምሳ ሲቀመጡ እሱ አይቀመጥም። ሲመሽም ከሁለቱም ነቅሎ ይወስድና በእሳት ብርሃን ሲያፈጥባቸው ያነጋል። ሁለት ሌሊት እንዲህ አደረገ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባልቴቷ የነቀለውን ክምር ገለጥ አድርገው አዩ። ግማሹ ጤፍ ነው።

«አንተ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሙጃ ነው፣ እማማ።»

«ሙጃስ አንተ! ሰኞ ከዚህ የተሻለ ታይ ነበር። ከተኛህ ስንት ቀንህ ነው?»

«የተኛ ሰው ምን ይማራል?»

ባልቴቷ እሱ የነቀለውን ጤፍ ገበሬው ሳያየው ሰብስበው ለጥጃ አበሉት። ከዚያ እጁን ይዘው ወደ ጎጇቸው ወሰዱት፤ በሩን ከውጭ ቀረቀሩበት። እየተሳደበ ተኛ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የተኛ፣ እስኪነጋ አልነቃም።

ጠዋት ከፈቱለትና የማሳውን አንድ ጥግ ብቻ ሰጡት። ጎንበስ አለ። ሙጃው ሌላ ቀለም የተቀባ ይመስል ለብቻው ቆሞ ታየው። በሌሊት ማንም ምንም አልነገረውም። ሊቀጥል ሲል «ይበቃሃል፣ ተቀመጥ» አሉት፤ ተቀመጠ። በዚያም ሌሊት ተኛ።

ዓርብ ገበሬው መጣ። ቁጢጥ ብሎ ክምሩን በጣቱ ፈተሸ። ያገኘው ሁለት የጤፍ ቡቃያ ብቻ ነው።

«ግባ፣ እራት ቀርቧል» አለው።

እንግዲህ ወለላ፣ አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ማይክሮስኮፑ ነው። «የወባውን ተሐዋሲ ከደሙ መለየት አቃተኝ፤ ፈተናው እስኪደርስ እንቅልፍ ልተው ወይ?» አልሽኝ። አራሚዋ አንቺ ነሽ፤ ሙጃው ደሙ በተቀባበት መስታወት ላይ ነው። ዓይን ሲበዛበት የያዘውንም ይጥላል። ዓይን ያየውን አእምሮ የሚያበጥረው ስትተኚ ነው። ሳያይ የተኛም ቢሆን እንቅልፉን ብቻ ጠግቦ ይነሣል። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት መስታወት ደህና አድርገሽ እዪና ተነሺ። ፈተናሽ ሰኞ ነው። ሦስት ሌሊት ቀርቶሻል፤ ሦስቱንም ተኝተሽ ተማሪባቸው።