መሐንዲሱ ያስቀራት መስመር

«አንድ ሰው ነበረ፤ ወንዝ ጠልፎ ከተማ ያበራ» አሉ መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ወጌሻው ደርቤ ጥያቄውን ጨርሶ ገና ሳይቀመጥ።

የደርቤ ጥያቄ አጭር ነበር። ጤና ጣቢያው ሁለት ሰዎች እልክልሃለሁ፣ የወለቀ እንዴት እንደሚመለስ፣ የተሰበረ እንዴት እንደሚታሰር አስተምርልኝ ብሎታል። «እሺ ማለቱንስ እሺ ብያለሁ፣ የኔታ» አለ። «ግን ሁሉን ካሳየኋቸው ነገ ማን ደጄን ይረግጣል? ዋናዋን ለራሴ ባስቀራት ኃጢአት ነው?»

መሪጌታ አዎ ወይም አይደለም ማለት አይሆንላቸውም። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ቀጠሉ።

ሰውየው ባሕር ማዶ ተሻግሮ የመብራት ምሕንድስና ተምሮ የተመለሰ ነበር። በአገሩ ከእሱ በፊት ያን ሥራ የሠራ የለም። ከከተማው በታች የውሃ ወፍጮ አለ፤ የወፍጮውን መንኮራኩር አይቶ «ይኼ እህል ብቻ ሲፈጭ መኖር የለበትም» አለ። ሳቁበት። ከመንኮራኩሩ ጋር የመብራት ሞተር ሲገጥም፣ ምሰሶ ሲያስተክል፣ ሽቦ ሲጎትት ክረምትና በጋ ተፈራረቀበት። አንድ ምሽት ግን ገበያው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅና ሐኪም ቤቱ ባንድ ጊዜ ቦግ አሉ፤ ሲስቁበት የነበሩት እልል አሉ። ከዚያ ወዲያ ክብሩ ሌላ ሆነ። ሠርግ ያለ እሱ አይደገስም፤ ዳኛው ሳይቀር ብድግ ይልለታል። አምፖል ብልጭ ድርግም ካለ «መሐንዲሱን ጥሩት» ነው። መጠራቱን ወደደው። ማን ይጠላል?

የሚሠራውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። በትልልቅ ወረቀት ይስላል፣ ከሥዕሉ ግርጌ አሠራሩን በተራ በተራ ያሰፍራል፣ ከዚያ ሣጥን ውስጥ ይከታል። ታዲያ ከየወረቀቱ አንዲት መስመር ያስቀራል። ሆን ብሎ ነው፤ ወረቀቱ በሰው እጅ ቢገባ እንኳ ያለ እሱ ማንም እንዳይሠራበት።

ይህን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ የታወቁ መድኃኒት ዐዋቂ ነበሩ፤ ለተማሪ ሲያጽፉ አንድ ሥር ሳይጠሩ ያልፋሉ። እሷን ስሞት ለልጄ እነግረዋለሁ ይሉ ነበር፤ ሞት ግን በድንገት መንገድ ላይ አገኛቸው። በዓመቱ የልጁን እህት እባብ ነደፋት። መድኃኒቱ ተጽፏል፤ ሥሩ አልተጻፈም። ልጁ መቃብሯ ላይ ቆሞ አባቱን አምርሮ ወቀሰ። አድጎ ግን ያንኑ አደረገ። ሰው መቼም ጉድ ነው።

አንድ መስከረም መሐንዲሱን ወባ ጣለው። እሱ አልጋ ላይ እየቃዠ፣ ቀኑ ሲመሽ መብራቱ ጠፋ። ሐኪም ቤት ምጥ የጠናባት ሴት አለች። ሽማግሌዎቹ ወደ መሐንዲሱ ሚስት ሮጡ፤ እሷም ሣጥኑን ከፍታ የዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ መጠገኛ ወረቀት ሰጠቻቸው። ማን ይሥራው? ወፍጮኛው ዳዊት የደገመ፣ እጁም የቀና ሰው ነው። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። «ውሃውን ዝጋ» ይላል፤ ዘጋ። «የተበጠሰውን ሽቦ ቀጥል» ይላል፤ እጁን ሰደደ። በሁለቱ መካከል ሳትጻፍ የቀረችው «መንኮራኩሩ ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቅ» የምትል ነበረች። ውሃው ቢዘጋም መንኮራኩሩ ገና ይዞራል፤ እየዞረ ሳለ ደግሞ ሽቦው ኃይል አለው። ወፍጮኛውን አንሥቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ቀኝ እጁ ተቃጠለ። ሴትየዋ በጧፍ ብርሃን ወለደች፤ እግዜር አወጣት።

መሐንዲሱ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ግቢው ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማ። የወፍጮው ባለቤት «ድሮስ የመሐንዲስ ወረቀት ምን አስነካው! ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፣ አለቀ» ይላል። ሽማግሌዎቹም ልክ ነህ፣ ልክ ነህ ይላሉ። በዚህ መሐል ወፍጮኛው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መሐንዲሱ ወደ ተኛበት ክፍል ገባ።

«ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለው ጎንበስ ብሎ። «ሳነብ አንዲት መስመር ዘልያለሁ መሰለኝ። የእርስዎ ጽሑፍ አይሳሳትም። ሥራዎን አሰደብኩት።»

መሐንዲሱ ዝም ማለት ይችል ነበር። ያቺን መስመር ከእሱ በቀር የሚያውቃት የለም። ዝም ቢል ክብሩ አይነካም፤ ወፍጮኛው ግን ሥራውን አጥቶ፣ ራሱን ደደብ እያለ ይኖራል። በእባብ የሞተችው እህቱ ፊቱ ድቅን አለችበት። ብርድ ልብሱን ተከናነበ፤ ወፍጮኛውን ተደግፎ ወደ ግቢው ወጣ።

«ይህ ሰው በትክክል ነው ያነበበው» አላቸው። «ጎዶሎው ወረቀቱ ነው። ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ እንዳትሠሩ ብዬ።»

አንዱ ከንፈሩን መጠጠ፤ ሌላው ሳይሰናበት ተነሥቶ ሄደ። የወፍጮው ባለቤት ሲያፍር ቆይቶ «እንግዲያው ወፍጮህን ያዝ» አለው ለወፍጮኛው።

መሐንዲሱ ሲድን ቀይ ቀለም በጠበጠ። በብራና መጽሐፍ ቀይ ቀለም የቅዱሳን ስም ይጻፍበታል፤ እሱ ግን ያስቀራቸውን መስመሮች አንድ በአንድ ጻፈበት። ሣጥኑን ወፍጮ ቤት አስገብቶ ሳይቆልፍ ተወው፤ የፈለገ ሁሉ እየመጣ ገለበጠ። መጀመሪያ ያስተማረው ያንን ወፍጮኛ ነው። የፈራውም አልቀረለትም፤ የሚጠራው ሰው ቀነሰ፣ ደጁ ጭር አለ። ከፋው። እውነቱን ለመናገር በጣም ከፋው።

ሸምግሎ ሳለ ዘመድ ሊጠይቅ እግሩ ረግጦት ወደማያውቅ ቆላ ወረደ። ፀሐይ ስትጠልቅ መንደሩ ቦግ አለ። ሽማግሌው ክው ብሎ ቀረ። ሽቦውን በዓይኑ እየተከተለ ወንዝ ዳር ካለች ቤት ደረሰ፤ እውነትም መንኮራኩር ይዞራል። ማብሪያ ማጥፊያውን ሲያይ ሳያስበው እጁን ዘረጋ።

«ኧረ አባባ፣ እንዳይነኩት!» ብላ አንዲት ሴት ከውስጥ ጮኸችበት። «መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለችውን ቀይዋን ያንብቡ!»

ቀና አለ። ወረቀቱ ከቅጂ የተቀዳ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱም የሌላ ሰው ነው። መስመሯ ግን ቀይ ናት። «ማን አስተማረሽ?» አላት። ሰምቶት የማያውቀውን ስም ጠራችለት። ሽማግሌው ሳቀ፤ ወዲያው ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያም እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመና «መንኮራኩሩ ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቅ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«እንዲያ ነው» አለችው። «አሁን ቀረብ ብለው ይዩት።»

መሪጌታ ዱላቸውን አነሡና ወደ ደርቤ ዞሩ።

«አንተም እንደ መሐንዲሱ ነህ፣ ደርቤ። ያንተ ወረቀት እጅህ ነው። ደጅህ ጭር ይልብህ ይሆናል፤ አይልም ብዬ አልሸነግልህም። ግን አንድ ቀን በማታውቀው አገር እግርህ ይወልቅ ይሆናል፤ የማያውቅህ ሰው ይዞ ይመልስልሃል፤ ያን ጊዜ የራስህ እጅ እንደ ዳሰሰህ ታውቃለህ። ያስቀረሃት ግን ካንተ ጋር ትቀበራለች፤ ጦሷም በማን ላይ እንደሚወድቅ አታውቅም። ሰዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ነገ ጠዋት» አለ ደርቤ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት መጀመሪያ ላስቀራት ያልካትን አሳያቸው» አሉት።