ድኩሎችን የከሰሰው ጅብ

አንድ ጊዜ ከአባቱ የወረሰውን የሾላ ዛፍ ከምንም አስበልጦ የሚወድ ጅብ ነበር። የሚወደውም ለጥላው አይደለም። በበጋ ሣሩ ሁሉ ደርቆ መሬቱ ሲሰነጣጠቅ የበሰለው ሾላ ዱብ ዱብ ይላል፤ ድኩሎችም እሱን ለመልቀም ይመጣሉ። ያን ጊዜ አያ ጅቦ ከግንዱ ጀርባ ተጋድሞ ይጠብቃቸዋል። ከእሱ የሚፈለገው ምራቁን ውጦ ዝም ማለት ብቻ ነበር። እርግጥ ይህም ለእሱ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ክረምት ገባ። ሾላው አለቀ። ዳገቱ ላይ ለጋ ሣር በቀለ፤ ድኩሎቹም የቆላውን ጭቃና ዝንብ ሸሽተው ወደዚያ ወጡ። አያ ጅቦ ግን ዝናቡ በጆሮው ገብቶ በአፍንጫው እስኪወጣ ድረስ እዚያው ግንዱ ሥር ተጋድሞ ቀረ። ጎሬው ውስጥ ገና መራመድ የጀመሩ ልጆቹ በረሃብ ያላዝናሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም አፍህን ባዶ ይዘህ መጣህ?» አለችው ሚስቱ፣ እመት ጅቢት።

«ይመጣሉ። አባቴ እዚያው ተኝቶ ነው እኛን ያሳደገን።»

«በክረምትም እዚያው ይተኛ ነበር?»

አያ ጅቦ ሊያስብ ሞከረ። ማሰብ ስለሚያደክመው ግን ቶሎ ተወው። «ርስት ርስት ነው» አለ።

«እንግዲህ ስማኝ። ወተቴ እየደረቀ ነው። ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚበላ ነገር ካላመጣህ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት አያ ጅቦ ሾላው ሥር ተኮራምቶ ሳለ ቀበሮ ከዳገቱ ዝግ እያለች ወረደች። ሆዷ ከበሮ አክሏል።

«እትዬ ቀበሮ፣ ሆድሽ ምነው እንዲህ ተነፋ?»

«ብርድ ነው ወንድሜ። ብርድ ሲገባኝ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።»

«ምነው እኔንም ብርድ በገባኝ! ለመሆኑ ድኩሎቹን አላየሽም?»

ቀበሮ ቀና ብላ አየችው። ይህ ሆዳም ዳገቱን ካወቀው ለእሷ ሰኮና እንኳ እንደማያስተርፍላት ታውቃለች።

«ድኩሎቹ?» አለች እጅግ አዝና። «ሳያስፈቅዱህ ነው እንዴ የሄዱት?»

«ሳያስፈቅዱኝ!»

«ከአባትህ ርስት?»

«ከአባቴ ርስት!»

«ታዲያ እዚህ ተኝተህ ምን ትጠብቃለህ? ክሰሳቸው እንጂ!»

የአያ ጅቦ ፀጉር ቆመ። ለካ ተበድሎ ኖሯል! ይህን ሁሉ ጊዜ የራበው መስሎት ነበር። አሁን ግን ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆነ፤ ሆዱን ባይሞላውም ደረቱን ነፋው። ጭቃውን ከላዩ አራግፎ ወደ አንበሳ ችሎት ገሰገሰ፤ ቀበሮም ምስክር ልትሆንለት ተከተለችው።

አንበሳ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ጎፈሩ ላይ የዳገቱ ሣር ፍሬ ተጣብቋል።

«ጌታዬ ሺህ ዓመት ይንገሡ!» አለ አያ ጅቦ እጅ ነስቶ። «እነዚህ ድኩሎች ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ የአባቴን ሾላ ሲበሉ፣ እኛም እነሱን ስንበላ፣ ተከባብረን ኖረናል። ዘንድሮ ግን ያለ አንዳች ምክንያት ልማዱን አፍርሰው ጠፉ!»

«እውነቱን ነው» አለች ቀበሮ።

«ተከሳሾቹ የት አሉ?» አለ አንበሳ።

«የት እንዳሉ ባውቅማ በልቻቸው ነበር እንጂ ለምን እከሳቸዋለሁ!»

አንበሳ ሳቁን ለመደበቅ ጎፈሩን ላሰ። «ዱካ እንኳ አልተዉም?»

«ትተዋል ጌታዬ። ዱካቸው ወደ ዳገቱ ይወጣል። እኔ ግን ርስቴን ጥዬ የማንንም ዱካ አልከተልም። ዞር ስል ሌላ ቢገባበትስ?»

«ልክ ነህ፤ ፈጽሞ እንዳትከተል» አለ አንበሳ ቶሎ ብሎ፣ ከቀበሮ ጋር በዓይን እየተያየ። «በል ፍርድህን ስማ። ሾላው ሲበስል ድኩሎቹ ወደ ሾላው ሥር ይመለሱ ብለናል!»

«እሰይ!» አለች ቀበሮ። አያ ጅቦም መሬት ስሞ እየሮጠ፣ ጭቃው ላይ እየተንከባለለ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ከጎሬው ደረሰ።

«ፈረዱልኝ!»

ልጆቹ ልቅሷቸውን አቆሙ። እመት ጅቢትም ጆሮዋን አቀናች። «ምን ፈረዱልህ?»

«ድኩሎቹ እንዲመለሱ!»

«መቼ?»

«ሾላው ሲበስል።»

«ሾላው የሚበስለው መቼ ነው?»

«በ...በጋ» አለ አያ ጅቦ። ከችሎቱ እስከ ጎሬው ድረስ ይህ ቃል አንድም ጊዜ ትዝ አላለውም ነበር። ውጭ ዝናቡ እንደ አዲስ ጀመረ።

እመት ጅቢት አልተቆጣችም። ልጆቿን እያንከባለለች ከጎሬው አስወጣቻቸው።

«ወደ አባትሽ ቤት ልትሄጂ ነው?» አለ አያ ጅቦ በቀጭን ድምፅ።

«ወደ ተከሳሾቹ ነው የምሄደው» አለችና ጭቃው ላይ የታተመውን ዱካ እያሸተተች ዳገቱን ተያያዘችው።

«ርስቱንስ ማን ይጠብቀው?»

«ዝናቡ ይጠብቀው!» አለችው ዞር ሳትል።

አያ ጅቦ ብቻውን ሾላው ሥር ተመልሶ ተጋደመ። ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ የትኩስ ሥጋ ሽታ ይዞ ከዳገቱ ወረደ። በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ርስቱንም፣ ፍርዱንም፣ ክብሩንም ጥሎ ሽቅብ በረረ። ሲደርስ ልጆቹ ጠግበው እናታቸው ላይ ተኝተዋል፤ ለእሱ የተረፈው ቀንድና ሰኮና ነበር። ቁጭ ብሎ እሱንም ቆረጠመው።

«ጣዕሙስ ሾላው ሥር እንደበላሁት ያው ነው» አለ እያኘከ።

ከዚህ የምንማረው፣ ወቅት ሲለወጥ የምንፈልገውም ነገር መንገዱን ስለሚለውጥ፣ ትናንት ባገኘንበት ቦታ ተቀምጠን «ለምን አልመጣም?» ብለን ከመክሰስ ዛሬ የሄደበትን ዱካ መከተል እንደሚሻል ነው።