እንፋሎቱን የደፈነው ሰው

ዝምታ ማለት ድምፅ አለመሰማቱ ነው። ከዚህ የሚያልፍ ትርጉም የለውም፤ ስምምነት አይደለም፣ ሰላምም አይደለም። ይህን ማስረዳት ያስፈለገው የመስኖ ማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ ጠናጋሻው አንድ ማለዳ መምህር ጌጡ ዘንድ ጥያቄ ይዞ ስለመጣ ነው።

«መምህር፣ ወይዘሮ ይመኙሻል የውሃ ተራዬ ተዘለለ እያለች ስብሰባ ስትበጠብጥ አባረርኳት። ከእንግዲህ ስለ ተራ የሚያነሳ ሁሉ ይባረራል ብዬም አስታወቅሁ። ይኸው ሦስት ሳምንት ጸጥ ብለናል። ደግ አላደረግሁም?»

«ማሳዋ ላይ የተከለችው ሽንኩርትስ?»

«እሱማ ሳይደርቅ አልቀረም።»

መምህር ጌጡ መነጽራቸውን አወለቁ። ሲቆጡ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፤ የሚኖረውም ከምድር ስንጥቅ እንፋሎት በሚወጣበት በረሃ ነው። እዚያ ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም። ከሥር ግን የጋለ አለት አለ። አለቱ በምድር ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላዋል፤ እንፋሎቱም ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። የአገሩ ሰዎች ስንጥቁ ላይ ድንጋይ ይከምራሉ። እንፋሎቱ ድንጋዩን ሲነካ ይቀዘቅዝና ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እሱን ይጠጣሉ፣ ፍየሎቻቸውንም ያጠጣሉ። ሲከምሩ ግን አናቱ ላይ ሁልጊዜ መተንፈሻ ይተዋሉ።

«ሀብታሙ ከክምሩ አጠገብ ቤት ሠራ። እንፋሎቱ ቀን ከሌት ያፏጫል። ‹ራሴን አዞረው› አለና ሲሚንቶ አስመጥቶ ክምሩን እስከ አናቱ አስደፈነው። ፉጨቱ ቆመ። ጎረቤቶቹ ባዶ ዕቃቸውን ይዘው መጡ።

«‹አንተ ሰው፣ ውሃችንን ደፈንክብን› አሉት።

«‹እስኪ ጆሯችሁን ስጡ፤ እንዴት ያለ ሰላም ነው!› አላቸው።

«አንዲት አሮጊት ጫማዋን አውልቃ ደጁ ላይ ቆመች። ወዲያው መልሳ አጠለቀችው። ‹ግቢህ እግር ይጠብሳል። ፍየል አርደህ ብትጋብዘን እንኳ ማገዶ አያሻህም› አለችው።

«‹ቢሞቅም ዝም ብሏል› አላት።

«በአምስተኛው ቀን እንፋሎቱ የመኝታ ቤቱን ወለል ፈንቅሎ ወጣ። ግድግዳው ለሁለት ተሰነጠቀ። ሰውየው ሽርጡን እንዳገለደመ ሮጦ አመለጠ።»

መምህር ጣታቸውን ወደ ሰብሳቢው ቀሰሩ።

«ያ ሰው አንተ ነህ! ሲሚንቶህ ማባረርህ ነው። እሳቱን ያነደደችው ይመኙሻል አይደለችም፤ አንተ የዘለልከው ተራ ነው። እሷ መተንፈሻህ ነበረች። ጩኸቷን ብትሰማ የቱ ጋ እንዳጠፋህ ታውቅ ነበር፤ ከዚያ እንፋሎት የሚጠጣ ውሃ ታገኝበት ነበር። አንተ ግን ሴትዮዋን አስወጥተህ እሳቱን ከሥርህ አስቀረህ። የሰው ሽንኩርት አድርቀህ ደግሞ ምርቃት ፍለጋ ትመጣለህ? ሂድ፣ ተራዋን መልስላት!»

ሰብሳቢው «ግሩም ምሳሌ ነው፣ መምህር» ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ እንፋሎት ማውራትም ተከለከለ።

በሳምንቱ ሐሙስ የቦዩ በር ከነብረቱ ተነቅሎ ተገኘ። ሰብሳቢው አባላቱን ሰብስቦ ማን እንደነቀለው ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።