ካልሲህን አውልቅ

አንድ ጊዜ የአንድ አህያ ውርንጭላ ሞተ። ወንዝ ዳር ጅብ በላው።

በነጋታው ረፋዱ ላይ አባትየው አንበሳ ዘንድ ሄዶ ከሰሰ። እንስሳቱ ሁሉ ጅብን የከሰሰ መስሏቸው «እሰይ፣ ደግ አደረገ!» አሉ። እሱ ግን የከሰሰው ቀበሮን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውርንጭላው እናት ከበረሃ የመጣች የዱር አህያ ናት። የበረሃ አህዮች እግራቸው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር አለ። ልጁም የእናቱን እግር ይዞ ተወለደ። ቀበሮ ደግሞ ዶሮ ሊሰርቅ መንደር በገባ ጊዜ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ባለ መስመር ካልሲ አይቷል። ከዚያ ወዲህ እንስሳቱ ሲመሽ ውሃ ሊጠጡ በወረዱ ቁጥር፣ ውርንጭላው ገና ሰኮናውን ውሃው ላይ ሳያሳርፍ፣

«አንተ ልጅ፣ ካልሲህን አውልቅ! ውሃችንን ልታገማው ነው?» ይለዋል።

በሬው ይስቃል። ፍየሏ በሳቅ ትንፈራፈራለች። በማግስቱ ያው ቀልድ፣ ያው ሳቅ።

ውርንጭላው ከመንጋው ጋር መጠጣት ተወ። ሁሉም ጠጥቶ እስኪሄድ ዳር ይቆማል። አባትና እናቱ ሊጠብቁት ሲሉ «ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» ይላል፤ የሚመለሱት እንስሳት ሲስቁበት እንዲያዩ አይፈልግም። መጨረሻ ላይ ብቻውን ይጠጣል። ጅብም ያገኘው ብቻውን ነው።

ችሎቱ ዋርካው ሥር ተሰየመ።

«በል ተናገር» አለው አንበሳ።

«ቀበሮ ልጄን በዘሩ ሰድቦታል» አለ አህያው።

ቀበሮ ፈገግ ብሎ ብድግ አለ። «ንጉሥ ሆይ፣ ዘር የሚባል ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ያልኩት ‹ካልሲ› ነው። ካልሲ ዘር ነው እንዴ? በመልኩ ተጫወትን እንጂ ዘሩን ማን አነሳ? ደግሞስ ‹አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም› ይባላል። እዚህ ያለነው ሁላችንም ቤተሰብ ነን።»

«እውነቱን ነው» አለ በሬው። «እኔም ስቄያለሁ፤ ክፋት ግን አልነበረኝም።»

«አንተ አህያ አይደለህም» አለው አህያው ቀበሮን። «የተሰበረውም ጥርስ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እስቲ ነይ፣ መሃል ላይ ቁሚ።»

መጥታ ቆመች። አርግዛለች፤ ሆዷ ወደ ጎን ወጥቷል። ከሆዷ በታች ያለው አራት ባለ መስመር እግር ለሁሉም ታየ። ማንም አልሳቀም።

«ይሄ የማን እግር ነው?» አለ አህያው። «የእሷ ነው። የእናቷ ነው። የአያቷ ነው። ልጄ መልኩን ከገበያ ገዝቶ አልመጣም! በእግሩ ስትስቅ በነዚህ ሁሉ ነው የሳቅኸው። ዘር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? እሺ፣ ቀልድ ከሆነ እሷን ‹ካልሲሽን አውልቂ› ያላልካት ለምንድን ነው?»

«ትራገጣለቻ!» አለ ጅብ ከዳር ሆኖ።

ቀበሮ ይህን ሲሰማ መላ የመጣለት መሰለው። «ይኸው፣ አያ ጅቦን ጠይቁት! እድሜ ልኩን ‹አንካሳ› ስንለው ኖረናል። ተቀይሞ ያውቃል? ጨዋታ ያውቃላ!»

«ምስክር ምሳ ይሰጠዋል?» አለ ጅብ።

«ተናገር!» አለ አንበሳ።

«አልተቀየምኩም። ለምን እቀየማለሁ? እኔ ጥርስ አለኝ። ‹አንካሳ› የሚሉኝም ገደል ማዶ ሆነው ነው።» ሁሉም ስለሰማው ደስ አለውና ቀጠለ። «እንዲያውም ቀበሮን ላመስግነው። ከዚያ ሁሉ መንጋ የቱ እንደሚሻለኝ በምን አውቃለሁ? ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኜ ሳቃችሁን ሰማሁ። ሁሉም የሚስቅበት ወገን የለውም አልኩና እሱን ጠበቅሁ። ልክ ነበርኩ። ማንም አልመጣብኝም።»

በሬው አንገቱን ደፋ።

«ሰማችሁ!» አለ ቀበሮ። «የበላው እሱ ነው፣ በአፉ አመነ። ታዲያ እኔ ምን አድርጌ ነው የምከሰሰው?»

«ጅብ ርቦት ነው» አለ አህያው። «አንተ ጠግበህ ነው።»

ቀበሮ ዙሪያውን ቃኘ፤ የለመደውን ሳቅ ፈለገ። «መቼስ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም…» አለ።

የሳቀለት የለም።

«አዎ» አለ አህያው። «አላስጣልኩም። የአህያ አባትም ከጅብ አያስጥልም። ግን ሆዷ ውስጥ ያለውም በዚሁ እግር ነው የሚመጣው። ውሃ ሲጠማው ዳር ቆሞ አይጠብቅም። ከጅብ ባላስጥለው ካንተ ላስጥለው ነው የመጣሁት።»

አንበሳ ብዙ አላሰበም። «ከዛሬ ጀምሮ ቀበሮ ሁሉም ጠጥቶ ሲያበቃ ይጠጣል። ብቻውን።»

«በጨለማ?» ቀበሮ ጮኸ። «ንጉሥ ሆይ፣ ብቻዬን? ጅብ አለ እኮ!»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ፍየሏ ልማድ ሆኖባት ሳቀች። አህያው ግን አልሳቀም። ፍርዱ ልጁን አልመለሰለትም።

ውርንጭላው በሞተበት ዕለት መጨረሻ ያደረገውን አባቱ ለችሎቱ አልተናገረም። ያን ምሽት መንጋው ጠጥቶ ዳገቱን ሲወጣ፣ አባቱ ዞር ብሎ አየው። ውርንጭላው ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ገብቶ እግሩን ይለውስ ነበር። አንዱን ይለውሳል፣ አንስቶ ያየዋል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል። አራቱንም እስከ ጉልበቱ ጭቃ አለበሳቸው። ከዚያ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ ዳገቱ ተጣራ፦

«አባዬ፣ አሁን ይታያል?»

ከዚህ የምንማረው፣ መልክ ከዘር የሚወረስ ነውና፣ በሌላው መልክ የሚስቅ ጥርስና ሥጋውን የሚነክስ ጥርስ አንድ መንጋጋ ላይ መብቀላቸውን ነው።