ያልደረቀው ታንኳ

ባለሱቁ እንግዳሰው ጎረቤቱን ሽማግሌ እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦ «አባባ፣ ሁለቱ የስልክ ድርጅቶች እልህ ተጋብተው ዋጋ እየቀነሱ ነው። በነጻ እስኪሰጡን ቢወርዱ እኛን ምን ይጎዳናል?»

ሽማግሌውም መለሱለት።

አንድ ሰው ነበረ። በርበሬ ያመርታል፤ ገበያው ግን ከሐይቁ ማዶ ነው። የሚያሻግረው አንድ ባለታንኳ ብቻ ስለነበር ለአንድ ጭነት አንድ ቁና እህል ያስከፍለዋል፤ ሲያሰኘው ደግሞ ፀሐይ ላይ ገትሮት ይውላል። ሰውየው አንጀቱ እያረረ ይከፍላል። ምን ምርጫ አለው?

አንድ ቀን ሌላ ባለታንኳ መጣና «እኔ በግማሽ ቁና አሻግራለሁ» አለ። የፊተኛውም ደንግጦ ዋጋውን ቀነሰ፤ ጠባዩ ሳይቀር ተለወጠ፣ ጭነት ማውረድ ሁሉ ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው።

ሰውየው ግን ነገሩ ጣመው። ወደ አንዱ ሄዶ «ያኛው እኮ በሩብ ብሎኛል» ይላል፤ ወደ ሌላው ሄዶ «ያኛው በእፍኝ እሺ አለ» ይላል። ማንም እንዲህ አላለውም። ሁለቱ ግን እየተናደዱ ወረዱ፣ ወረዱና እውነትም እፍኝ ላይ ደረሱ።

የሁለቱም ታንኳ ከደንገል ሣር የተሠራ ነው፤ የደንገል ታንኳ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ከሐይቅ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው እየከበደ ይሄዳል። በእፍኝ እህል ቤተሰብ ለማሳደር ግን ሳያርፉ መመላለስ ግድ ሆነ። ታንኳ ማድረቅ ቀረ።

ሰውየው የልጁን ሠርግ ሊደግስበት ያሰበውን በርበሬ ሁሉ ጭኖ ተነሣ። ሐይቁ መሀል ሲደርሱ እግሩ ረጠበ፤ ታንኳው ዝቅ አለ።

«ምነው ወንድሜ፣ ይሄን ታንኳ አታደርቀውም?» ብሎ ጮኸ።

«መቼ ላድርቀው? በዚህ ባንተ እፍኝ?» አለው ባለታንኳው።

ሰውየውም ነፍሱን ለማትረፍ የበርበሬ ጆንያዎቹን በገዛ እጁ ሐይቁ ውስጥ ጣላቸው። የልጁም ሠርግ ቀረ።

እንግዳሰው፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ባለታንኳዎቹ የስልክ ድርጅቶችህ ናቸው፤ ታንኳ ማድረቅ ማለትም ተራራው ላይ የቆመውን የስልክ ማማ መጠገን ነው። ሁለት በመሆናቸው ደስ ይበልህ፤ የአንድ ቁናው ዘመን አይናፍቅም። ነጻ ሲሉህ ግን «ማማውን በምን ልትጠግኑት ነው?» በላቸው። ሚስትህ መውለጃዋ ደርሷል። ምጥ ሲይዛት አምቡላንስ ልትጠራ ደውለህ መስመሩ ከተቆረጠ፣ በነጻ ያገኘኸውን ያን ጊዜ ትከፍለዋለህ።