የተመለሰው በርጩማ

«አንድ አናጢ ነበረ» አሉ መምህር ፈቃደሥላሴ፣ ትርሲት ጥያቄዋን በወጉ ሳትጨርስ።

የጠየቀቻቸው ይህን ነው። በምትኖርበት ፎቅ ሰው ሰውን አያውቅም። ወዳጆቿ ደግሞ ተሰባስበው መሬት ገዝተዋል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ትንንሽ ቤት ሠርተው፣ ማዕድ ቤቱንና አዳራሹን የጋራ አድርገው ሊኖሩ ነው። ነይ ብለዋታል። «ብገባ ይህ እረፍት ማጣቴ ይለቀኛል ወይ?» ነበር ያለቻቸው። እሳቸውም ይለቅሻል አይለቅሽም ሳይሉ ወደ አናጢው ሄዱ።

አናጢው ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ቤት አይረጋለትም ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ ስድስት ቤት ተከራየ። አንዱን ጨለማ ነው ብሎ ለቀቀ፤ ሌላውን ጫጫታ ነው ብሎ ለቀቀ፤ የመጨረሻውን ምንም ጉድለት ቢያጣበት ዝም ብሎ ለቀቀ። ሥራ ላይ ሲሆን ደህና ነው። መጋዙን ሲያስቀምጥ ግን ውስጡ እንደ ተነካ ቀፎ ይተራመሳል። ቁጭ ይላል፣ ብድግ ይላል፣ በሩን ይከፍታል፣ ወዲያው ይዘጋል።

አንድ ቀን መስኮት እንዲገጥም ከከተማ ወጣ ወዳለ ስፍራ ተጠራ። በዚያ ዘጠኝ ቤተሰቦች በአንድ አጥር ውስጥ ይኖሩ ነበር። ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ በራቸው ሁሉ ወደ መካከሉ ሜዳ ይመለከታል። ረቡዕና ቅዳሜ በአንድ አዳራሽ ይበላሉ፤ የታመመውን በተራ ያስታምማሉ፤ ልጅ ከአንዱ ቤት ሮጦ ወጥቶ ሌላው ቤት ሲገባ እናቱ የት ደረሰ ብላ አትጨነቅም። በግማሽ ቀን የሚያልቀው የመስኮት ሥራ አናጢውን ሦስት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን መዶሻውን በእጁ እያገላበጠ፣ «ባዶ ቤት ይኖራችሁ ይሆን?» አላቸው።

ነበራቸው። መከሩና ተቀበሉት።

ገና በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ሲጢጥ የሚለውን በር ሁሉ አቃና። የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነ። ለአዳራሹ ረጅም ገበታ ሠራ። ከአጠገቡ ጉልበቷ አልታጠፍ ያላት አንዲት ባልቴት ትኖር ነበር፤ ለእሷም በልኳ ከዋንዛ ከፍ ያለ በርጩማ ጠርቦ ሰጣት። ወጥ ይዛለት ስትመጣ «በልቻለሁ» አላት። ልብስህን ልጠብልህ ስትለው «አጥቤያለሁ» አላት።

ከሌሎቹም ጋር እንደዚያው ነበር። ሳንቃ ሲያወርድ ሊያግዙት የመጡትን «ተዉት፣ ለምጄዋለሁ» ብሎ ይመልሳቸዋል። በማዕድ ሰዓት ሁሉም ሲቀመጡ እሱ ውኃ ይቀዳል። ጨዋታው ሲደራ እሱ ሳህን ይሰበስባል።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ሰው ሁሉ አከበረው፤ ሲመጣ ብድግ ይሉለታል። ግን ደግሞ እሱ ሲደርስ ሳቁ ይቀንሳል፣ ስለ ባሏ የምታማርረው ሴትም አፏን ትይዛለች። እንግዳ ሲመጣ እንደሚደረገው ማለት ነው። አናጢው ይህን ያይ ነበር። ያ የውስጥ ትርምስ ተመለሰበት፤ ሥራ በፈታ ቁጥር በአጥሩ ዙሪያ ይዞር ጀመር። «ይኼም የእኔ ቦታ አይደለም» አለ በመጨረሻ። ከወንዙ ማዶ ሌላ እንዲህ ያለ ግቢ አለ ሲባል ሰምቷል። እዚያ ሊሄድ ቆረጠ።

ለጉዞው የዕቃ ሣጥን ሲሠራ ነው መሮው አዳልጦት የቀኝ መዳፉን የሰነጠቀው። በጥርሱና በግራ እጁ እየታገለ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረውና በሩን ዘጋ። ዳቦ መቁረስ አቃተው። ሸሚዙን መቆለፍ አቃተው። ሰው ሲያንኳኳ፣ «ሥራ ይዣለሁ!» ይላል ከውስጥ ሆኖ። በሦስተኛው ቀን እጁ አብጦ ትኩሳት ያዘው።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ደጁ ላይ አንድ ከባድ ነገር ዷ ብሎ ተቀመጠ። ጋቢውን ደርቦ ከፈተ። ባልቴቷ ቆማለች፤ በርጩማውን እያረፈች፣ እየጎተተች አምጥታው ኖሮ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እንካ» አለችው።

«ምነው እማማ? ተሰበረብዎት?»

«አልተሰበረም። አልቀመጥበትም።» በርጩማውን ወደ እሱ ገፋችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጄ አንድ ጉርሻ አልተቀበልክም። ድሃ ብሆንም ለማኝ አይደለሁም። እኔ እዚህ የመጣሁት ከሰው እኩል ልኖር ነው፤ አንተ ግን ተመጽዋች አደረግኸኝ። ውሰደው።»

«እኔ እኮ እንዳላስቸግር ብዬ ነው» አለ አናጢው።

«ታዲያ እኛ እዚህ የተሰበሰብነው እርስ በርስ ልንቸጋገር አይደል እንዴ!» ብላው ዞረች።

አናጢው በሩን እንደ ያዘ ቀረ። ሚስቱ የታመመች ጊዜ አራት ጎረቤት ዘንድ ሄዶ አራት በር አንኳኩቶ ነበር። አንዱም አልተከፈተለትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ላይለምን ምሏል፤ ይህንንም ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አሁን ሴትዮዋ እግሯን እየጎተተች እየራቀች ነው።

«እማማ» አላት።

ዞረች። እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ።

«ሸሚዜን መቆለፍ አቃተኝ።»

ያበጠውን እጅ አየች። «አንተ ሞኝ!» ብላ ጮኸችበት። ተመልሳ መጣችና እዚያው ደጁ ላይ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አስጎንብሳ ሸሚዙን ከታች ወደ ላይ ቁልፍ በቁልፍ ቆለፈችለት፤ እሱም ዓይኑ እንባ ሞልቶ እንደ ልጅ ዝም ብሎ ተቆለፈለት። ከዚያ ወደ ሜዳው ዞራ ተጣራች። ግቢው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሁለት ወንዶች ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሲመለስ አንዷ ሾርባ አጠጣችው፣ ሌላዋ አጎረሰችው። ከወንዶቹ አንዱም አፉ ተፈታና፣ «እውነቱን ልንገርህ፤ የአዳራሹ ገበታ አንድ እግሩ አጭር ነው። ሁለት ዓመት አፍረንህ በድንጋይ ደግፈን ስንበላ ኖርን» አለው። አናጢው እጁ እስኪያመው ሳቀ።

ቁስሉ ዳነ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን እንደ ልብ መታጠፍ አልቻሉም። ሳንቃ ሲሰነጥቅ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው መጥራት ግድ ሆነበት። ወደ ወንዙ ማዶም አልሄደም። አንዳንድ ቀን አሁንም ቁጭ ማለት ያቅተውና በአጥሩ ዙሪያ መዞር ይጀምራል። ያየው ሰው ይነሣና አብሮት ይዞራል።

መምህሩ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ አናጢ አንቺ ነሽ። በሰው ሠርግ ላይ ትደክሚያለሽ፣ በሰው ኀዘን ላይ ትቆሚያለሽ። ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ስትተኚ ግን እኛ የሰማነው ከወጣሽ በኋላ ነው። ግቢው መልካም ነው፤ ግቢበት። በር ከበር ስለተያየ ብቻ ግን ሰው ጎረቤት አይሆንም። ያለሽን ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ የተከበርሽ እንግዳ ሆነሽ ትኖሪያለሽ፤ እንግዳ ደግሞ ሁልጊዜ እግሩ ወደ ደጅ ነው። የጎደለሽንም ይዘሽ ሂጂ። የእነሱ የምትሆኚው በጎደለሽ ነው።»

ትርሲት ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«መምህር» አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል። «ቦታውን ለማየት ብቻዬን መሄድ ፈርቻለሁ።»

«መቼ ነው የምንሄደው?» አሏት።